የቲቸር አስቴር ቀይ ቦሎቄ

ዓሣ አጥማጁ ጋሽ ሎምባሞ የደወለልኝ ቀለም ይዤ እንድመጣ ነበር። ጀልባው ነጭ ስለሆነ ሰማያዊ ይሻለዋል፣ ብሩሽም እንዳትረሳ አለኝ። "ከሦስት ዓመት በኋላ ስም ልታወጡለት ነው?" ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን፣ "ቲቸር አስቴር አርፋለች፣ ልጄ" አለ። "ባለፈው ሳምንት ነው የቀበርናት። አልሰማህም እንዴ?"

አልሰማሁም። ሐዋሳ ነበርኩ። ግጥሞቼን የሚያሳትምልኝ ሰው ፍለጋ ሄጄ፣ እንደሌለ አረጋግጬ የተመለስኩት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። ስልኩን ዘግቼ ቀለም ልገዛ ወጣሁ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም ነበር።

ሶዶ ውስጥ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ባለቤቱ ጋሽ ሙዘይን ነው፤ አባቱ ከስልጤ መጥተው እዚህ የከተሙ፣ እሱ ግን ወላይትኛን እንደኛው የሚናገር ነጋዴ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ሰፊ ግቢ ሁልጊዜ ሁለት ሦስት የፋይበር ጀልባዎች በአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ገዢ ይጠብቃሉ። ዳሞታ ተራራ ሥር ጀልባ ሲያይ እንግዳ ሰው ይስቃል። ሐይቁ ግን ሩቅ አይደለም፤ ተበላ ከተማን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው አባያን ያገኛል። ዓሣ አጥማጆቹ ከእንጨት ጀልባ ወደ ፋይበር ሲዞሩ ጋሽ ሙዘይን ቀድሞ ነቃ።

የእኔ ሥራ መጻፍ ነበር። የሱቁን ታፔላ፣ "ዱቤ የለም" የሚለውን ማስታወቂያ፣ በጀልባዎቹ ጎን ደግሞ ገዢው የመረጠውን ስም እጽፋለሁ። ቲቸር አስቴር ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ ዋጋ ታወጣለች። ገሱባ ሒሳብ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ስትወጣ ነው ጋሽ ሙዘይን የቀጠራት። የጡረታዋ ብር ሁለት የእህት ልጆችን ለማስተማር ስለማይበቃ ሥራው ያስፈልጋት ነበር።

መጀመሪያ ቀን አንቱ ብዬ ስጠራት፣ "አታስረጀኝ፣ ገና ብዙ የምሠራው አለኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አንቺ አልኳት። አጭር ነበረች። የሹራቧ የግራ ኪስ በጠመኔ ነጭ ሆኖ ሲታጠብም አይለቅም። ስትደምር መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ መዝሙሩ ከቆመ ሒሳቡ አልመጣም ማለት ነው። ደንበኛ ጀልባው ውስጥ ግቢ ሲላት ጫማዋን ታወልቃለች። "ለምን?" ብዬ ጠይቄያታለሁ። "ነገ የሰው ቤት ነው" አለች። የጀልባውን ጎን በቀለበቷ እያንኳኳች ድምፁን አዳምጣ ፋይበሩ የሳሳበትን ቦታ ታውቃለች። ውሃ ላይ ግን ወጥታ አታውቅም። ትፈራለች። ያን ሁሉ ጀልባ ሸጣ አንዱም ላይ አልተሳፈረችም።

እኔን የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነበራት፤ የሥራዬን ዋጋ ትጠይቀኛለች። ለአንድ ወጣት ዓሣ አጥማጅ ጀልባው ላይ ከስሙ ሥር ሁለት ስንኝ ጨምሬ ጻፍኩለት። ወደደው። እኔም ደስ ብሎኝ፣ "ተወው፣ በነፃ ነው" አልኩት። ቲቸር ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ ሰማችኝ። ልጁ እስኪወጣ ጠበቀች።

"ቀለሙን ማን ገዛ?"

"እኔ።"

"ምሳህንስ?"

"እናቴ ቋጥራልኝ መጣሁ።"

"እንግዲያው ነፃ አይደለም። እናትህ ናት የከፈለችው፣ ልጁ ግን እሷን አላመሰገነም" አለች። ቀጥላም፣ "ትርፍህን አትደብቅ። ግን አትተወው ደግሞ። ትርፉን የሚተው ሰው ነገ አይመለስም፤ ያን ጊዜ ያ ልጅ ጀልባው ሲደበዝዝ ማን ይጽፍለታል?" አለችኝ።

ገጣሚ ነኝ፣ ነጋዴ አይደለሁም ብዬ መለስኩላት። "ገጣሚም ምሳ ይበላል" ብላ ወደ ደረሰኟ ተመለሰች። ለብዙ ቀን አኮረፍኳት። አኩርፌያት እንደነበር ግን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ እኔ የሚያስታውቅብኝ አልመሰለኝም ነበር።

ጋሽ ሎምባሞና አምስት ጓደኞቹ የመጡት ከሦስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ዓርብ ጠዋት ነው። ከአባያ ዳር የመጡ ስድስት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አሮጌ የእንጨት ጀልባቸውን ጉማሬ ሰብሮባቸው መረባቸው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ወራት አልፎታል። አዲስ ለመግዛት ብድር አገኙ፤ አበዳሪው ግን ራሳችሁም ድርሻ አስገቡ አላቸው። ያላቸው ገንዘብ አንድ ብቻ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ለጊፋታ በሬ የቆጠቡት።

ወላይታ ውስጥ ላላደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመንገር ያስቸግራል። ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ጎረቤታሞች በቡድን ሆነው ዓመት ሙሉ ይቆጥባሉ፤ በሬ ገዝተው በጋራ አርደው ይካፈላሉ። ሴቶቹም ለብቻቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ። ለጊፋታ ሥጋ የሌለበት ቤት ልጆች ወደ ጎረቤት አይወጡም፤ ያፍራሉ። ያን ብር አውጥተን ጀልባ እንግዛ ብሎ አምስቱን ጓደኞቹን ያሳመነው ጋሽ ሎምባሞ ነው። የጓደኞቹን ሚስቶችም እየዞረ ያሳመነው እሱ ነው። ብድሩና የበሬው ብር ሲደመር ስምንት መቶ ሺህ ሆነ። ከዚያ በላይ አንድ ሳንቲም አልነበራቸውም።

ጋሽ ሎምባሞ በሬ በመግዛት የታወቀ ሰው ነው። ጀልባውንም እንደ በሬ ገዛው። ጎኑን በመዳፉ መታ፤ ዞሮ ከኋላ አየው፤ ተንበርክኮ ሆዱን ዳበሰ። ከጓደኞቹ አንዱ፣ "ጥርሱን አታየውም?" ሲል ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ሙዘይን ፋብሪካው ያተመውን የዋጋ ወረቀት አሳየው፤ አራት መቶ ስድሳ ሺህ ይላል። ጋሽ ሎምባሞ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። ተነስቶ ሄደ፣ ተጠርቶ ተመለሰ። ትከሻውን ነቀነቀ። እንደገና ሄደ። በመጨረሻ በአራት መቶ አርባ ተጨባበጡ። ስድስቱም በወላይትኛ መረቁ። ስምንት መቶ ይዘው መጥተው በአራት መቶ አርባ ጨረሱ። በተረፈው በሬም ይገዛል ተባባሉ።

"ሞተሩን አሁን አስነሣልን" አለ ጋሽ ሎምባሞ።

"ሞተሩ ለብቻው ነው" አለ ጋሽ ሙዘይን።

ጋሽ ሎምባሞ ቀስ ብሎ፣ "በሬ ስገዛ እግሩ አብሮ አለ ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም" አለ።

ጋሽ ሙዘይን አልዋሸም፤ ወረቀቱ ላይ ባዶ ጀልባ ይላል። የቀረውን ዘረዘረላቸው፤ ሞተር፣ ማጓጓዣ፣ መገጣጠሚያ፣ እንደ ሸራና ገመድ ያሉ ዕቃዎች፣ ስም ማስጻፊያ። ድምሩ ስምንት መቶ ሰማንያ ሺህ መጣ። ሰማንያ ሺህ ጎደላቸው። የጁምዓ ሶላት ደርሶ ስለነበር፣ "ተመካከሩ፣ እመለሳለሁ" ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ።

ስድስቱ ጎማዎቹ ላይ ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ "ወይ በሬ ወይ ጀልባ ነበር የተባለው። ሁለቱንም አጣን" አለ። ጋሽ ሎምባሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። ጀልባውን ካልገዙ ብድሩ ይመለሳል፤ የቀረችው ብር በዚያ ሰሞን ወደ በሬ ትሄዳለች፤ ስድስት ቤተሰብ ሌላ ዓመት ያለ ጀልባ ይከርማል። ለአምስቱ ሚስቶች ምን ብሎ እንደሚነግር እያሰበ እንደነበር ኋላ አጫውቶኛል።

ቲቸር አስቴር ከውስጥ ትሰማ ነበር። መዝሙሯ ከቆመ ቆይቷል። ወጥታ ግቢው ጥግ ካለው እንሰት ሰፋ ያለ ኮባ ቆረጠች፤ ከዘበኛው ቤት አንድ ጣሳ በቆሎና አንድ ጣሳ ቀይ ቦሎቄ ለምና አመጣች። ኮባውን መሬት ላይ ዘርግታ ጫማዋን አውልቃ ቁጭ አለች።

"ኑ፣ እናርደው" አለች።

"ምኑን?"

"ዋጋውን ነዋ። ቅርጫ አታውቁም? አንድ ፍሬ አሥር ሺህ ብር ነው። በቆሎው እኛ ያወጣነው ወጪ። ቀዩ ቦሎቄ ትርፋችን።"

እኔ ደነገጥኩ። ዘበኛውም ደነገጠ። በዚህ ከተማ የነጋዴ ትርፍ ለገዢ የሚነገር ነገር አይደለም። "ቲቸር፣ ጋሽ ሙዘይን ቢመጣ..." አልኳት። "ቢመጣማ ደግ፣ ይቆጥርልኛል" አለችኝ።

ሥጋ እንደሚመድብ ሰው ፍሬዎቹን መደብ መደብ አደረገቻቸው። ባዶው ጀልባ አርባ አራት ፍሬ፤ አርባው በቆሎ፣ አራቱ ቦሎቄ። ሞተሩ ሃያ ስድስት፤ ከውስጡ ሦስቱ ቀይ። ማጓጓዣው ሦስት፣ መገጣጠምና ሙከራው ሁለት፤ በየመደቡ አንድ አንድ ቀይ። ዕቃዎቹ አሥራ ሁለት፤ አራቱ ቀይ። ስም ማስጻፊያ አንድ። ሰማንያ ስምንት ፍሬ ኮባው ላይ ተኛ፤ ከሱ ውስጥ አሥራ ሦስቱ ቀይ።

"ሥጋው ላይ ተጨቃጨቅክ" አለችው ጋሽ ሎምባሞን። "ሥጋው ላይ ብዙ ትርፍ የለንም። ስድሳ ሺህ ነበር፣ አንተ ሃያውን አወረድክ፣ ጎበዝ ነህ። ቀሪው ትርፍ የት እንዳለ ተመልከት፤ ጨጓራው፣ ቆዳውና ጭንቅላቱ ላይ ነው። ሰው ለጀልባው ሲጨቃጨቅ ይደክመዋል፤ ገመዱና ሸራው ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ይከፍላል።"

ጋሽ ሎምባሞ ጎንበስ ብሎ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ያለ መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎም።

"ከዕቃዎቹ መሀል ይሄ ትልቁስ?"

"ጀልባ በጎማ ላይ አድርጎ የሚጎተትበት ጋሪ ነው። አምስት ፍሬ። ጀልባችሁ የት ያድራል?"

"ዳር ላይ ነዋ። የት ይሄዳል?"

"መኪና አላችሁ የምትጎትቱበት?"

ሳቁ። አምስቱን ፍሬ፣ ሁለቱ ቀይ፣ ጠርጋ ወደ ጣሳው መለሰች። "ሸራውስ?" አለች። "ሸራ እኛ እንሰፋለን" አለ አንዱ። አንድ ፍሬ ወጣ። ከዚያ ጣቷ የእኔ ፍሬ ላይ ደረሰ።

"ስም?" አለች።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ እሷ አየሁ። ግማሹ የቀለም ነው፣ ግማሹ የእኔ፤ የቤታችን የወር ኪራይ ነበር።

"ስም ሳይኖረውም ይንሳፈፋል" አለች፤ አንስታ ጣሳው ውስጥ ጣለችው።

ፍሬዋ ጣሳው ውስጥ ስትወድቅ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሰማንያ አንድ ቀረ። የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ላይ አንዱ ሰው እጁን ሲዘረጋ በመዳፏ ከደነቻቸው። "ይሄ አይነካም። ስድስት ናችሁ፣ ስድስት ጃኬት ነው። ጀልባ ሸጬ ለቅሶ አልደርስም።" ሰውዬው እጁን ሰበሰበ።

"አንድ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ኮባው ላይ የለም" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "በዓመት አራት ጀልባ ከሸጥን ፋብሪካው ትንሽ ይመልስልናል። የፋብሪካው ዓመት ጳጉሜን ላይ ያልቃል። ሦስት ሸጠናል። እናንተ አራተኛ ናችሁ። ሻጭም የሚቸኩልበት ቀን አለው።"

በፍሬ ሲቆጠር ስድስቱ ሰማንያ ይዘዋል፤ ኮባው ላይ ሰማንያ አንድ አለ። ከዚያ ውስጥ አሥራ አንድ ቀይ ቦሎቄ ፊታቸው ተቀምጧል። ሻጩ እንደቸኮለም ያውቃሉ። ጋሽ ሎምባሞ እጁን በቦሎቄዎቹ ላይ ዘረጋ። ግማሹን እንኳ ቢያነሳ ጋሽ ሙዘይን እሺ ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረውም። ቀና ስል ጋሽ ሙዘይን በሩ ላይ ቆሟል። የሶላት ቆቡ ራሱ ላይ ነው። ምን ያህል እንደቆመ አላውቅም። ቲቸርም አየችው። አልተነሳችም፤ የሹራቧን ኪስ ግን በእጇ ጨምድዳ ያዘች።

የጋሽ ሎምባሞ እጅ በቀዮቹ ላይ ቀስ ብሎ አለፈ። የጀልባው መደብ ላይ አልቆመም። ሞተሩን አለፈ። ማጓጓዣው ላይ ቆመ።

"መኪናው ስንት ጀልባ ይዞ መጣ?"

"ሁለት" አለች ቲቸር። "ለሁለቱ አራት ፍሬ ነው የከፈልነው። ሁለት ሁለት ይደርሳል።"

"እኛ ግን ሦስት ተጠየቅን።"

"አዎ።"

ያችን አንድ ቦሎቄ አነሳ። "ይቺ መኪናው ላይ ሳትጫን የደረሰች ናት" አለ። የቀሩትን አሥር እያየ፣ "ሌላው የአራጅ ድርሻ ነው። ያረደና የመደበ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም" አለ። ጓደኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰማንያ ሆነ።

ጋሽ ሙዘይን መጥቶ ኮባው አጠገብ ቆመ።

"ቲቸር፣ ሱቄን ገበያ መሀል ልብሱን አወለቅሽው።"

"ቆንጆ ገላ ነው ያለው፣ ጋሼ። ምን ያሳፍርሃል?"

ሳቅ አፍኖት ፊቱን አዞረ። ቦሎቄዎቹን ራሱ ቆጠራቸው። ከዚያ ከጋሽ ሎምባሞ ጋር እንደገና ተጨባበጠ።

ያም ሆኖ አልቀረላትም። ለአንድ ወር ያህል ከደንበኛ ፊት አንስቶ መጋዘን ውስጥ ብሎን አስቆጠራት። ቅር አላላትም፤ መዝሙሯን ከመጋዘን እንሰማ ነበር። ከዚያ ከሐይቁ ዳር ሌሎች ሰዎች መጡ። ወረቀቱን አሳያቸው። "የቦሎቄዋ ሴት የለችም?" አሉት። በማግሥቱም ከዲምቱ ድረስ የመጡ ሌሎች ያንኑ ጠየቁ። ጋሽ ሙዘይን መጋዘኑን ከፍቶ፣ "ውጪ እባክሽ፣ ሰው ሊያርደኝ ይፈልግሻል" አላት። ማጓጓዣውንም ከዚያ ወዲህ ሁለት ፍሬ አደረገው።

የእኔን ፍሬ ግን ይቅር አላልኳትም። ስድስቱ ጀልባቸውን በአይሱዙ ጭነው ሲሄዱ ነጩ ጎን ባዶውን ነበር። "ስም የሌለው ጀልባ ሰው የሌለበት ቤት ነው" አልኳት፤ ያኔ ስንኝ መሰለኝ። "እነሱ ሲችሉ ስም ያወጡለታል። አንተም ያን ጊዜ ትርፍህን ትጠይቃለህ" አለችኝ። በዚያ ጊፋታ ስድስቱም ቤት ሥጋ አልነበረም። ጋሽ ሎምባሞ በአዲሱ ጀልባ ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ አጥምዶ ለእያንዳንዱ ቤት አደለ፤ ልጆቹ ግን ወደ ጎረቤት አልወጡም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት በሬው ተገዛ። ብድሩም አለቀ። በየዓመቱ ለቲቸር አንድ መደብ ሥጋ በኮባ ጠቅልለው ይልኩላት ነበር። ጀልባው ላይ እንድትወጣ ሲለምኗት፣ "እኔ ዋጋው ላይ ተሳፍሬያለሁ፣ ይበቃኛል" ትላቸዋለች።

ሐይቁ ዳር ስደርስ ስድስቱም ይጠብቁኝ ነበር። ጀልባው አሸዋ ላይ ተስቦ ጎኑ ታጥቧል። በሚኒባስ ስመጣ አራት ስንኝ አዘጋጅቼ ነበር፤ አነበብኩላቸው። ጋሽ ሎምባሞ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማኝ።

"ጥሩ ነው" አለ። "ለራስህ አስቀምጠው። እዚህ ላይ አስቴር በል፣ ይበቃል።"

"ቲቸር አይጨመርም?"

"ውሃው ላይ ያለ ቲቸርም እናውቃታለን።"

ቀለሙን ልከፍት ስል እጄን ያዘኝ። "ዋጋህን ንገረና መጀመሪያ።"

"ኧረ ጋሼ፣ ለእሷ ነው። በነፃ።"

ስድስቱም ተያዩ። ጋሽ ሎምባሞ ሄዶ ከጎጆው ኮባና በቆሎና ቀይ ቦሎቄ የያዘ ጣሳ ይዞ ተመለሰ። ኮባውን አሸዋው ላይ ዘረጋው። "ዛሬ አንድ ፍሬ መቶ ብር ነው" አለ። የቀለሙን አስቀመጥኩ። ብሩሹን፣ ከሶዶ እስከ ተበላ ሚኒባሱን፣ ከተበላ እዚህ ድረስ ሞተር ሳይክሉን፣ ሁሉንም በበቆሎ አስቀመጥኩ። የምሳዬንም አስቀመጥኩ፤ እናቴ ቋጥራልኝ ነበር።

"ቀዩስ?" አለ።

ጣሳው ውስጥ እጄን ከተትኩ። ሦስት ቦሎቄ አወጣሁ። ቆም አልኩ። ሁለት ጨመርኩ። አምስቱን ኮባው ላይ አስቀምጬ ቀና አልኩ።

ጋሽ ሎምባሞ እጁን ዘረጋ። በአምስቱ ላይ ቀስ ብሎ አሳለፈው፤ አንዱንም ሳይነካ መለሰው።

ቀለሜን ከፈትኩ።